ሱዝ የሚባል እውነት ነበረ

እንደምን አመሻችሁ።

ቅድም ስገባ አንድ አዛውንት ወዳጄ በር ላይ አስቁመውኝ የጥሪ ወረቀቱን እያሳዩኝ «ልጄ፣ ‹ሱስ› ለማለት ነው?» አሉኝ። ሱስ አይደለም፣ ሱዝ ነው። ጥፋቱ ግን የእሳቸው አይደለም። እንግሊዞች የምላሳቸውን ጫፍ በጥርሳቸው መሃል አሹልከው የሚያወጡት ያ ድምፅ በፊደላችን ቦታ የለውም። «ስሚዝ»፣ «ማክቤዝ» እያልን በ«ዝ» አቻችለነው ኖረናል፤ እኔም ዛሬ ማታ በዚያው እገፋበታለሁ። ሱዝ ማለት እውነት ማለት ነው። «ነበር» ብል ይሻላል። ዛሬ ለንደን ላይ አንድ ሰው አስቁማችሁ «እስቲ ሱዝ ንገረኝ» ብትሉት ወይ ይስቅባችኋል ወይ መንገዱን ይቀጥላል።

የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እንግዲህ ልጀምር።

ከዚህ ቃል ጋር የተዋወቅሁት በሁለት ማርክ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ የእንግሊዝኛ መምህራችን ከሼክስፒር «ጁሊየስ ቄሳር» አንድ ገጽ አባዝተው ሰጡን። ቄሳር በአጀብ ሲያልፍ ከሕዝቡ መሃል አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «የመጋቢትን አጋማሽ ተጠንቀቅ!» ይለዋል። ያ ሰው ስም የለውም፤ መጠሪያው «ሱዝሰየር» ብቻ ነው። ፈተና ላይ ቃሉን ወደ አማርኛ መልሱ ተባልን። «ሰየር» ተናጋሪ እንደሆነ አውቃለሁ። «ሱዝ» ደግሞ እውነት እንደሆነ ከአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት አይቻለሁ። በኩራት «እውነት ተናጋሪ» ብዬ ጻፍሁ። መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው «ጠንቋይ!» ብለው መለሱልኝ፣ ከነቃለ አጋኖው።

ከዓመታት በኋላ ነው የተጽናናሁት። ካንተርበሪ በሚገኘው የቅዱስ አውግስጢኖስ ገዳም ዳን ማይክል የሚባል መነኩሴ ነበረ። ከፈረንሳይኛ ወደ ኬንት አካባቢ እንግሊዝኛ የመለሰውን መጽሐፍ በ1340 ጥቅምት ላይ ጨረሰ። ይህ ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚገኝባቸው ጽሑፎች አንዱ ያ መጽሐፍ ነው፤ እዚያም ትርጉሙ እንዲያው በቀጥታ እውነት የሚናገር ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ልክ ነበርሁ። ያጠፋሁት ነገር ቢኖር ከ600 ዓመት በላይ መዘግየቴ ብቻ ነው።

እውነት ተናጋሪው እንዴት ጠንቋይ ሆነ? ይህ እኛን ብዙ ሊከብደን አይገባም። «አዋቂ ቤት ሄደች» ሲባል እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የት እንደሄደች ያውቃል፤ ፕሮፌሰር ዘንድ ነው ብሎ የሚያስብ የለም። ጠንቋዩን ጠንቋይ የሚለው የሰፈር ሰው ነው፤ ደጁ የሚጠናው ባለጉዳይ «አዋቂ» ነው የሚለው። እንግሊዞቹም እንደዚያ ነው የሆኑት። የተሰወረውን እውነት እናገራለሁ ያለውን ሰው ራሱ ባወጣው ማዕረግ ጠሩት፣ ማዕረጉ ሥራውን መሰለ፣ ከዚያ ወዲያ ቃሉ ወደ ንጹሕ ሰው የሚመለስበት መንገድ ጠፋ። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ለውጡ ደርሷል። በ1611 በወጣው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ኢያሱ ምዕራፍ 13 ላይ በለዓም «ሱዝሰየር» ተብሏል፤ የእኛው አማርኛ «ምዋርተኛ» የሚለው ሰው ነው።

ቃሉ ግን ሲወለድ እንዲህ አልነበረም።

የእንግሊዝኛ፣ የላቲንና የሳንስክሪት የሩቅ ቅድመ አያት የሆነው ቋንቋ በጽሑፍ አልደረሰንም። ሊቃውንት ልጆቹን አሰልፈው እያነጻጸሩ መልኩን ይገምታሉ፣ የሟችን መልክ ከልጅ ልጆቹ አፍንጫ እንደሚገምት ሰው። በዚያ ቋንቋ «መሆን፣ መኖር» የሚል ግሥ ነበረ፤ በእንግሊዝኛ ዛሬ በየአፍታው የምንሰማት «ኢዝ» የእሱ ርዝራዥ ናት። ከግሡ «ያለ፣ የሆነ» የሚል ቅጽል ወጣ። ሱዝ የዚያ ቅጽል ዘር ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው አስተሳሰብ እውነት ማለት ሰው የሚናገረው ነገር አልነበረም፤ ተናጋሪ ኖረም አልኖረም ያለው፣ የሆነው ነገር ነው። እኛም «ሕልሟ እውን ሆነ» ስንል ሁለቱን አጎራብተናቸዋል።

ያው ሥር ህንድ አገር «ሳት» ሆነ፣ ከእሱም «ሳትያ»፣ እውነት፣ ወጣ። ጋንዲ ደቡብ አፍሪካ ሳሉ ለትግላቸው ስም ሲፈልጉ «ሳትያግራሃ» አሉት፤ እውነትን የሙጥኝ ማለት ነው። ሕንድ በ1950 የመንግሥቷ መሪ ቃል ያደረገችው «ሳትያሜቫ ጃያቴ»፣ እውነት ብቻ ታሸንፋለች፣ ውስጥም ያለው ሳትያ የሱዝ የአክስት ልጅ ነው። አንዱ የአገር ማኅተም ላይ ወጣ፣ አንዱ የፈተና ወረቀት ላይ በቀይ ተሰረዘ። ዴንማርኮች እውነት የሆነውን ነገር ዛሬም «ሳንድ»፣ ስዊድኖች «ሳን» ይላሉ። «ታዲያ ሱዝ ላይ ‹ን› የት ሄደች?» የሚል ይኖራል። እንግሊዝኛ በልጅነቱ ከእንደዚህ ያሉ ድምፆች በፊት የምትመጣዋን «ን» የመዋጥ ልማድ ነበረው። ጀርመን ዝይን «ጋንስ» ሲል እሱ «ጉስ»፣ ጀርመን አምስትን «ፊውንፍ» ሲል እሱ «ፋይቭ»። ጥርስም «ቱዝ»፣ እውነትም «ሱዝ» የሆኑት በዚያው አዋዋጥ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከቤተሰቡ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ የላቲኑ ወገን ነው። ላቲን ከዚሁ ሥር «ሶንስ» የሚል ቃል አለው፤ ትርጉሙ ጥፋተኛ ማለት ነው። የድሮዎቹ ኖርሶች ደግሞ «ሳንር» ሲሉ እውነተኛም ማለታቸው ነው፣ በወንጀል የተረጋገጠበትም ማለታቸው ነው። እንዴት ነው የሚገናኙት? ከዛፍ ሥር የተቀመጠ ችሎት አስቡ። ከብት ጠፍቷል፣ ሰው ተሰብስቧል፣ ምስክር ይቆማል። «ማነው?» ሲባል ጣቱን ቀስሮ «እሱ ነው» ይላል። በቃ። «ነው» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ፈረደች። ያ ሰው «የሆነው» ሰው ነው። ኃጢአት የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ «ሲን»፣ ሳይቀር ከዚሁ ሥር ነው የሚሉ ብዙ ሊቃውንት አሉ።

ወደ እንግሊዝ ልመልሳችሁ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ አራቱ ወንጌሎች ከላቲን ወደ ጥንታዊው እንግሊዝኛ ተመለሱ። በግዕዙ «አማን አማን እብለክሙ»፣ በአማርኛው «እውነት እውነት እላችኋለሁ» የሚለውን ጌታ ደጋግሞ የሚናገረውን ሐረግ ታውቁታላችሁ። የእንግሊዙ ተርጓሚ «ሱዝ እላችኋለሁ» አለ (ያኔ አነባበቡ ወደ «ሶዝ» ያደላ ነበር)። ከዚያ በላይ የሚከብድ ቃል በእጁ አልነበረም። በ1380ዎቹ የእንግሊዛዊው የሃይማኖት ሊቅ የዊክሊፍ ሰዎች ያንኑ ሐረግ ሲተረጉሙ ግን «ትሩሊ፣ ትሩሊ» አሉ። በ1526 ቲንዴል፣ በ1611ም የንጉሥ ጄምስ ተርጓሚዎች «ቬሪሊ፣ ቬሪሊ» አሉ፤ ይህኛው ከላቲን በፈረንሳይ በኩል የመጣ እንግዳ ነው። አንድ ሐረግ በስድስት መቶ ዓመት ውስጥ ሦስት እውነት ቀየረ። ዛሬ «ቬሪሊ»ም ራሱ ከሰባኪ አፍ ውጭ አይሰማም፤ እናቱ «ቬሪ» ግን አለች፣ «በጣም» ማለት ሆና።

የእኛው «በአማን» ዛሬም በቅዳሴው ውስጥ ስንሰማው ክብደቱ እንዳለ ነው፤ ከቤተ መቅደስ ስለማይወጣ ይሆናል ያላረጀው። የገበያ ሥራ የተሰጠው ቃል ቶሎ ያልቃል። ሱዝም ያለቀው በሥራ ብዛት ነው፤ ዛሬ ማታ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንን ነው። ማንም አልጠላውም፣ ማንም አልከለከለውም። ሰው ሁሉ ወሬውን ሊያሳምንበት እየመዘዘ ጨረሰው።

አጨራረሱ የጀመረው እዚያው ወንጌሉ ላይ መሆኑ ያስቃል። ላቲኑ ዐረፍተ ነገር ከዐረፍተ ነገር የሚያያይዝባቸው ትንንሽ ቃላት አሉት፣ «ግን»ም «ደግሞ»ም «እንግዲህ»ም የሚሆኑ። ግዕዝ እንዲህ ያለውን ነገር አንዲት «ወ» ከፊት ወይም አንዲት «ሰ» ከኋላ ለጥፎ ያልፈዋል። እንግሊዝኛው ተርጓሚ ግን ላቲኑ ላይ ያለውን ቃል ሁሉ በቃል መተካት ፈለገ፤ ለእነዚያ ትንንሾች ደግሞ ከሱዝ የወጣውን «በእውነት» የሚለውን ቃል ሰጣቸው። ገጹን ገልጣችሁ ብታዩት «በእውነት ሄደ፣ በእውነት ተቀመጠ፣ በእውነት አላቸው» ነው። የዊክሊፍ ሰዎችም በመጀመሪያ ትርጉማቸው ለነዚያው ቃላት «ፎርሱዝ»፣ ያው «በእውነት»፣ እያሉ ሞሉት። ሁለተኛውን ትርጉም ያዘጋጀው ሰው መቅድሙ ላይ ይህን ነገር አንሥቶ፣ ያ የላቲን ቃል ‹ፎርሱዝ›ም ‹ግን›ም ተብሎ ሊተረጎም ይችላል ይላል። አስተውሉ፤ «በእውነት» እና «ግን» የሚተካኩበት ደረጃ ላይ ደርሰናል።

በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ የሚቀርቡ ሰዎቻችንን አትታዘቡም? «በእውነቱ ዛሬ እዚህ በመገኘቴ ደስ ብሎኛል። በእውነቱ ሥራው አድካሚ ነው። በእውነቱ ከሆነ ከባለቤቴ ጋር የተገናኘነው…» አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ አንዱን እንግዳ ቆጠርሁለት፤ ሃያ ላይ ተውሁት። ሰውየው አልዋሸም። ምላሱ እስኪፈታ የሚረግጠው ድንጋይ ነው የፈለገው። ግን ያ ሰው አንድ ቀን የምሩን «በእውነቱ» ማለት ቢፈልግ በምን ይለዋል?

እሺ፣ ሱዝ ሲደክም ቦታውን ማን ወሰደ? ዛሬ እንግሊዞች እውነትን «ትሩዝ» ይላሉ። ይህኛው ሲወለድ እውነት ማለት አልነበረም። ታማኝነት፣ ቃል ኪዳን፣ የማይታጠፍ ቃል ማለት ነበር። መንትያው «ትሮዝ» በ1549 በታተመው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ሙሽሮቹ በሚለዋወጡት ቃል ውስጥ ይገኛል፤ «ታማኝነቴን አሲዤልሃለሁ» እንደ ማለት ነው። የእኛ ግዕዝ በዚህ በኩል ከትሩዝ ጋር ነው የሚዛመደው፤ አማን፣ እሙን፣ ታማኝ፣ እምነት አንድ ቤት ያደጉ ናቸው። ሱዝ ያለውን ነገር ሲያይ፣ ትሩዝ የሚያየው ሰውየውን ነው።

ቾሰር በ14ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከጻፋቸው የካንተርበሪ ታሪኮች በአንዱ ላይ አንዲት ባለትዳር የሚያስቸግራትን ወጣት ለመሸኘት በጨዋታ መልክ «የባሕሩን ዳር ቋጥኞች ሁሉ ካጠፋህልኝ እወድሃለሁ» ትለዋለች። ወጣቱ አስማተኛ ቀጥሮ ቋጥኞቹ የጠፉ ያስመስላል፤ መጥቶም «ቃልሽ» ይላታል። ሴትዮዋ ለባሏ እያለቀሰች ትነግረዋለች። ባልየው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሂጂ። ሰው ሊጠብቀው ከሚገባው ሁሉ ከፍተኛው ትሩዝ ነው።» ይህን «እውነት» ብሎ የተረጎመ ሰው ታሪኩን አበላሸው። ባልየው እያለ ያለው የእኛ አባቶች የሚሉትን ነው፦ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ። (ወጣቱ ኋላ አፍሮ ቃሏን ይመልስላታል፤ አትጨነቁ።)

ሆኖም በዚያው ዘመን ትሩዝ ከሰው ወደ ነገር፣ ከልብ ወደ ወረቀት መሻገር ጀመረ። ሪቻርድ ፈርዝ ግሪን የሚባሉ የመካከለኛው ዘመን ሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ በ1999 ባሳተሙት ጥናት ምክንያቱን ከጽሑፍ መስፋፋት ጋር ያያይዙታል። ድሮ መንደሩ ፊት የተሰጠ ቃል ነበር ማስረጃው፤ አሁን ማኅተም ያረፈበት ብራና ሆነ። የ1381ን የገበሬዎች ዐመፅ ተመልከቱ። ዐመፀኞቹ ሰው ሲያስቆሙ «ከማን ወገን ነህ?» ይሉታል፤ ትክክለኛው መልስ «ከንጉሥ ሪቻርድና ከታማኙ ሕዝብ» ነበር። ያ «ታማኝ» የትሩዝ ቅጽል ነው። እነዚሁ ሰዎች በደረሱበት ሁሉ ምን ያቃጥሉ እንደነበር ታውቃላችሁ? የጌቶቹን የመሬትና የችሎት መዝገብ። አፋቸው ላይ የድሮው እውነት ነበረ፣ እሳቱ ውስጥ አዲሱ። መዝገቡ ግን በማግሥቱ እንደገና ተጻፈ፤ ትሩዝም ቀስ በቀስ «የተረጋገጠ ነገር» ሆኖ የሱዝን ወንበር ያዘ።

ሱዝ በዚያን ጊዜ ገና ሙሉ በሙሉ አልወደቀም። በተለይ ስኮትላንድ ውስጥ «ሱዝፋስት» የሚል ቆንጆ ልጅ ነበረው፤ «ፋስት» የጸና ማለት ነው፣ ሱዝፋስትም በእውነት የጸና። «ሱዝፋስትነስ» ሲሉ እውነተኝነት ማለታቸው ነው። የአበርዲኑ ሊቀ ዲያቆን ጆን ባርበር በ1375 ገደማ ስለ ንጉሥ ሮበርት ብሩስ የገጠመውን ረጅም ታሪክ ሲከፍት፣ ተረት እንኳ ሲነበብ ደስ ይላል፣ ሱዝፋስት የሆነ ታሪክ ደግሞ በወጉ ሲነገር ደስታው እጥፍ ነው ይላል። ያ ቃል ባይጠፋ እመኝ ነበር። ለጋዜጠኛ የሚሰጥ ሽልማት ስም ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ምወደው ትዕይንት ልግባ። ሼክስፒር ስለ ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ በጻፈው ድራማ፣ በመጀመሪያው ክፍል፣ ሆትስፐር የሚባል ቁጡ መኳንንት አለ። ድራማው የተጻፈው በ1590ዎቹ ውስጥ ነው። በእንግድነት ተቀምጠው አንዲት ወይዘሮ ዘፈን ታሰማለች። ሆትስፐር ወደ ሚስቱ ዞሮ «ኬት፣ አንቺም ዝፈኝልኝ» ይላታል። «እኔ? በሱዝ አልዘፍንም» ትላለች። ሰውየው ዘፈኑን ረስቶ ሱዟን ይይዛታል። ‹በሱዝ›! የከረሜላ ሠሪ ሚስት መሰልሽ እኮ! ብሎ ይጀምርና፣ አንቺ ወይዘሮ ነሽ፣ ከማልሽ አፍ የሚሞላ መሐላ ማዪ፤ ‹በሱዝ› የሚለውን የዝንጅብል ብስኩት በእሁድ ልብሳቸው ለሚንጎማለሉ የከተማ ነጋዴዎች ተዪላቸው፣ ብሎ ያላግጥባታል።

ይህን ስታነቡ የቃሉን ሞት በዓይናችሁ ታያላችሁ። መኳንንቱ በክርስቶስ ቁስል፣ በእግዚአብሔር ደም ነበር የሚምሉት፤ ሱዝ ደግሞ ጨዋ ለመምሰል የሚፈልግ፣ ትልቁን መሐላ የሚፈራ ሰው መሐላ ሆኗል። እኛ ዘንድም «ምኒልክ ይሙት» ብሎ የሚምለውና «እውነቴን ነው» የሚለው ሰው አንድ ሚዛን ላይ አልነበሩም። ወንጌል ላይ የቆመው ቃል ብስኩት ቤት ገባ። ከዚህ በኋላ «ፎርሱዝ» ፌዝ ብቻ ነው የቀረው፤ «አሉ ደግሞ!»፣ «ትልቅ ሰው ነኝ ባይ!» ስንል የምናመጣት ዓይነት ቅላጼ። ሳሙኤል ፒፕስ በ1661 ማስታወሻው ላይ ጭራሽ ግሥ አድርጎታል፤ አንዱ ሰውዬ አንዲትን ሴት «ፎርሱዝ አደረጋት» ሲል ማዕረግ እያበዛ እጅ ነሳት ማለቱ ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን ሱዝ ከተራው ሰው አንደበት ጠፋ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። ሱዝ እያደር ደበዘዘ።

ግን አንድ ልጅ ትቶ ነው የሄደው፤ ይህ ልጅ ደግሞ ከአባቱ በላይ ኖረ። ከሱዝ የወጣ ግሥ አለ፤ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ መጨረሻው ላይ አንዲት ፊደል ተጨምራበት ድምፁ ወፈር ይላል፣ በእኛ ፊደል ያው «ሱዝ» ነው። ዛሬ ትርጉሙ ማባበል፣ ማስታገስ፣ ሕመምን ማለዘብ ነው። የጉሮሮ ከረሜላ ማሸጊያ ላይ ታገኙታላችሁ። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን «እውነትነቱን ማረጋገጥ፣ መመስከር» ማለት ነበር። ከመመስከር ወደ ማባበል እንዴት ተደረሰ?

መሃል ላይ ያለው ደረጃ በ1560ዎቹ ይገኛል። ያኔ አንድን ሰው «ሱዝ ማድረግ» ማለት የተናገረውን ሁሉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያሉ መቀበል ነበር፤ በአጭሩ ማሸቃበጥ። ነገሩም አዲስ አልነበረም፣ ከዚያ በፊት ብዙ መቶ ዓመት የጥንቱ እንግሊዝኛ ከዚሁ ሥር ለአሸርጋጅ ሰው ስም አውጥቶለት ነበር። ጌትዬው «ዛሬ ብርድ ነው» ሲሉ ጋቢ የሚደርብ፣ «ሞቀ» ሲሉ የሚያወልቅ ሰው አለ አይደል? የእሱ ሥራ ነው። «እውነትዎን ነው ጌታዬ።» ከዚያ ሰው የሰማው ደስ አለው፣ ቁጣው በረደ፣ ተረጋጋ። ውጤቱ የቃሉን ትርጉም ወሰደው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግሡ የሰውን ልብ ብቻ ሳይሆን የቁስልን ሕመምም ማለዘብ ጀመረ።

መጽሐፍ ላይ ሳነበው «እንዴት ጎበዝ ናቸው፣ እውነትን ወደ ውሸት ቀየሩት» ብዬ ነበር። አንድ ለቅሶ ቤት ነው ሐሳቤን የቀየረው። ጎረቤታችን ሞተው ሦስተኛው ቀን ነው፤ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። ባለቤታቸው ነጠላቸውን አገልድመው «አንድ ቀን! አንድ ቀን እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎብኝ አያውቅም» አሉ። ከጎናቸው የተቀመጡት ሴት የአጥር ተጋሪ ናቸው። የሟችን ድምፅ ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚያውቀው፤ በተለይ ደመወዝ በተቀበሉ ማግሥት። ሴትዮዋ እጃቸውን ባልቴቷ ጉልበት ላይ አድርገው «እውነትሽን ነው እህቴ፣ እውነትሽን ነው» አሉ። ሌሎቹም ተቀበሏቸው፣ «እውነት ነው»፣ «እውነትሽን ነው»። ባልቴቷ ትንፋሻቸው ወረድ አለ፣ ቡናውንም ተቀበሉ። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ያሰብሁት ያን የእንግሊዝኛ ግሥ ነው። ለቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ ነውር ነው፣ አውቃለሁ፤ የሙያ በሽታ ነው። ግን ማንም ሴትዮዋን ዋሸሽ ሊላቸው ይችላል? የመሰከሩት ስለ ሟቹ አልነበረም።

የቀረው ታሪክ አጭር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዋልተር ስኮት ስለ ባላባቶችና ስለ ግንቦች ሲጽፍ ሱዝን ከመቃብር አውጥቶ ለገጸ ባሕርያቱ አፍ ሰጠው፤ የሞተ ሰው ልብስ ለቲያትር እንደሚወጣ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ጥንት ጥንት እንዲሸት ሲፈለግ ይመጣል። በ1966 ካሊፎርኒያ በርክሌይ ላይ የተጀመረ፣ የመካከለኛውን ዘመን ልብስና ውጊያ የሚደግሙ ሰዎች ማኅበር አለ፤ አባላቱ በዚያ ዘመን አነጋገር ለመናገር ሲሞክሩ ነገሩን ራሱን «ፎርሱዝሊ መናገር» ይሉታል። ከዕውቀት ይልቅ ጨዋታ ነው፤ እኔ አልጠላሁትም።

ከሁሉ ግን የገጣሚው የኪትስ ይበልጥብኛል። ከእሱ በፊት ሚልተን በ1634 አንድን እረኛ ከእረኞች ሁሉ «ሱዘኛው» ብሎት ነበር፤ እጅግ እውነተኛው ማለቱ ነው። ኪትስ በ1819 በጻፈው ግጥም ላይ አንድ ወጣት ለምትወደው ልጅ ሌሊት ማዕድ ይዘረጋል፤ ፍራፍሬው፣ ቀረፋ የገባበት ሽሮፕ፣ ከዚያም ጄሊ። ጄሊው ከወተት ክሬም የበለጠ «ሱዝ» ነው ይላል። እውነተኛ ጄሊ ማለቱ አይደለም። ለስላሳ፣ አፍ ላይ የሚሟሟ ማለቱ ነው። ገጣሚው እውነትን በግሡ በኩል፣ በማባበል በኩል ነው የሰማው። ስህተት ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ የእኔን የፈተና ወረቀት አስታውሼ እኔ አፌን እይዛለሁ።

ባለፈው ዓመት ቶሮንቶ ያለች የእህቴ ልጅ ወለደችና ልጠይቃት ሄድሁ። ሕፃኑ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ ጠዋት ላይ «ጋሼ፣ እባክህ ከፋርማሲ ሱዘር ግዛልኝ፣ የእሱ ጠፍቶብኛል» አለችኝ። ካናዳውያን ሕፃን አፍ ውስጥ የሚያደርጉትን፣ ወተት የማይወጣውን የጎማ ጡት እንደዚያ ነው የሚሉት። ሁለት በአንድ ካርቶን የታሸገ ገዛሁ። ቤት ስደርስ ካርቶኑን ገልብጬ ቃሉን ሳነብ ያየችኝ እህቴ «ምን ታነባለህ፣ ልጁ እየጮኸ ነው፣ ወዲህ በል!» ብላ ነጠቀችኝ። አጠበችና አፉ ውስጥ አደረገችለት።

ዝም አለ።